«አክተር አይሞትም» ያስባለን ማን ነው? የአሜሪካ ሲኒማ መስታወት ብቻ ነው ለሚል ጽሑፍ ምላሽ

ልጆች ሆነን ድሬዳዋ ቪዲዮ ቤት የምንገባ ሁሉ አንድ ሕግ እናውቅ ነበር። አክተር አይሞትም። መቶ ሰው ቢከበው አይሞትም። ከፎቅ ቢወረወር አይሞትም። ጥይት ቢያገኘው ትከሻው ላይ ነው፤ ጨርቅ ቀዶ ያስረውና ይቀጥላል። አዲስ ገቢ ልጅ ፈርቶ ዓይኑን ሲሸፍን፣ አጠገቡ ያለው በክርኑ ነካ አድርጎ «አትፍራ፣ አክተሩ እኮ ነው» ይለዋል። ልጁም ይረጋጋል።

አክተሩ የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አስተምሮን አያውቅም። እንግሊዝኛውን አንሰማም። ትርጉም የሚባል ነገር የለም። ቢሆንም ፊልሙ በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁላችንም ለይተነዋል። ማንን እንደምንወድና ማን ቢሞት እንደማይቆጨን አውቀን ጨርሰናል።

ይሄንን ሰሞኑን ደጋግሜ እያሰብኩት ነው። ምክንያቱ ጓደኛዬ የላከልኝ አንድ ጽሑፍ ነው። ስለ አሜሪካ ሲኒማና ስለ ማኅበረሰብ የተጻፈ ነው። ቋንቋው ያምራል፤ ብዙ ሰውም ተቀባብሎታል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። የአሜሪካ ፊልም መስታወት ነው፤ ማኅበረሰቡን ያሳያል እንጂ አይሠራውም። መዝናኛ ስለሆነ ፊልም አይቶ የተለወጠ ሰው የለም። ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ገበያው ነው። ዘረኝነቱም የድሮ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ተስተካክሏል። እኛ ኢትዮጵያውያንን ደግሞ ከጸጉር ቁርጥና ከጂንስ ሱሪ ያለፈ አልነካንም።

እኔ እንዲህ አላይም። አንድ ቦታ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ፊልም መስታወት ነው»

መስታወት ፊቱ የቆመውን ነው የሚያሳየው። የሌለ ነገር አያሳይም። እስቲ በዚህ እንጀምር።

ነጭ ቀሚስና ሾጣጣ ቆብ ያደረጉ ሰዎች በሌሊት መስቀል ሲያቃጥሉ የሚያሳየውን ምስል ሁላችንም እናውቀዋለን። የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው ቡድን፣ የኩ ክላክስ ክላን ምልክት ነው። ብዙ ሰው ይሄ ልማድ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። በ1860ዎቹ የተመሠረተው የመጀመሪያው ክላን መስቀል አያቃጥልም ነበር። ልብሱም ወጥ አልነበረም። ያ ቡድን በ1870ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት እርምጃ ከሰመ። የሚቃጠለው መስቀል የመጣው ቶማስ ዲክሰን በ1905 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ከዚያ ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ልብ ወለዱን በ1915 ፊልም አደረገው። «በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ይባላል። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ክላኖቹ ፈረስ ላይ ሆነው ደራሽ ጀግኖች ናቸው። ጥቁሮቹ ደግሞ የሚያስፈሩ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን የሚጫወቱት እንኳ ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው።

ፊልሙ የካቲት ወር ላይ በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ታየ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዊሊያም ሲመንስ የሚባል ሰው ጥቂት ተከታዮቹን ይዞ ጆርጂያ ውስጥ ስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ ወጣ። መስቀል አቃጠለ። ክላን እንደገና ተመሠረተ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፊልሙ አትላንታ ሲገባ፣ የአዲሱ ክላን ማስታወቂያ ከፊልሙ ማስታወቂያ ጎን ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ1920ዎቹ አጋማሽ የክላን አባላት በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉልኝ። መጀመሪያ ልብ ወለድ። ቀጥሎ ፊልም። ከዚያ ተራራው ላይ ያለው እሳት። መስታወቱ የሌለ ነገር አሳየ፤ ሰዎች ሄደው ያዩትን ሆኑ። በቅርብ ዓመታት የወጣ የኢኮኖሚክስ ጥናትም ፊልሙ የገባባቸውንና ያልገባባቸውን ቦታዎች አነጻጽሮ ነበር። ፊልሙ በገባባቸው ቦታዎች በመንጋ ያለ ፍርድ የሚፈጸም ግድያ ወዲያው ጨምሮ ተገኘ።

ሐዘኑ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አቆም ነበር። ግን በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ነበር። ኦስካር ሚሾ ይባላል። ጥቁር ነው፤ ገበሬ የነበረ፣ ልብ ወለድ ጽፎ ቤት ለቤት እየዞረ የሸጠ ሰው ነው። በ1920 «ዊዝን አወር ጌትስ» የሚል ፊልም አወጣ። እዚያ ፊልም ውስጥ መንጋ ሰብስቦ የሚገድለው ነጩ ነው። ሴት የሚደፍረውም ነጩ ነው። ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ፍለጋ የምትንከራተት አስተማሪም አለች። ቺካጎ ላይ የሳንሱር ቦርዱ መጀመሪያ ከለከለው። የ1919ኙ የዘር ግጭት ገና አልበረደም፤ ፊልሙ ሌላ ረብሻ ይቀሰቅሳል ተብሎ ተፈራ።

የዚያ ፊልም ቅጂ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠፍቶ ነበር። በኋላ አንድ ቅጂ የተገኘው ስፔን ውስጥ ነው። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 አድሶ አወጣው። የግሪፊዝ ፊልም ግን ጠፍቶ አያውቅም። በየፊልም ትምህርት ቤቱ ሲጠና ኖሯል።

አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ ሁለት «መስታወት»። አንዱን ፕሬዚዳንቱ አየው፤ ሌላውን ሳንሱር ያዘው። ጸሐፊው መስታወት ሲሉ የያዘውን እጅ ረስተውታል። የኔ ቅሬታ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

«መዝናኛ ነው፤ ፊልም አይቶ የተለወጠ ሰው የለም»

ይሄን ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመቶ ዓመት በፊት ሞክሮታል። የሚገርመው፣ ዊልሰን ዋይት ሐውስ ውስጥ የግሪፊዝን ፊልም ባዩ በአምስተኛው ቀን ነው። ኦሃዮ ያወጣችው የሳንሱር ሕግ ተከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ፊልም ማሳየት ንግድ እንጂ ሐሳብን መግለጽ አይደለም ብሎ ሳንሱሩን አጸደቀ። እዚያው ውሳኔ ላይ ግን ፊልም ክፉ ነገር የማድረስ ኃይል እንዳለው፣ ኃይሉም ከመማረኩ እንደሚመጣ ጻፈ። ንግድ ብቻ ነው ብሎ፣ ወዲያው ደግሞ ያስፈራል አለ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ፍርድ ቤቱ ራሱ ይሄን ለማስተካከል 37 ዓመት ፈጀበት። በ1952 ፊልም ሐሳብ የሚተላለፍበት ትልቅ መንገድ ነው፤ የንግግር ነጻነት ጥበቃ ይገባዋል ብሎ ወሰነ።

ተለውጧል የሚባል ሰው ካስፈለገ ደግሞ ከፕሬዚዳንት እንጀምር። በ1983 ክረምት ሮናልድ ሬገን «ዋር ጌምስ» የሚል ፊልም አዩ። አንድ ጎረምሳ ቤቱ ቁጭ ብሎ የጦር ኃይሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የሚያሳይ ነው። ሬገን ነገሩ ከነከናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ስብሰባ ላይ ለኤታማዦር ሹሙ ለጄኔራል ጆን ቬሲ ታሪኩን ነገሯቸውና «እንዲህ ያለ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል?» ብለው ጠየቁ። ጄኔራሉ አጣርተው ተመለሱ። ችግሩ ከሚያስቡት በላይ የከፋ ነው አሏቸው። በ1984 የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ደኅንነት የሚመለከት የፕሬዚዳንት መመሪያ ወጣ። መነሻው ቅዳሜ ማታ የታየ ፊልም ነው።

የአሜሪካ ጦርም «መዝናኛ ብቻ» ብሎ አያምንም። ፊልም ሠሪ መርከብ፣ ተዋጊ ጄት ወይም ካምፕ ሲፈልግ መከላከያ ሚኒስቴሩ ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተል ቢሮ አለ። ቢሮው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፊልሙን ጽሑፍ ነው። አንብቦ የማይስማማውን እንዲለወጥ ይጠይቃል። ካልተለወጠ ጄቱ የለም። ስለ ባሕር ኃይል አብራሪዎች የሚያወሳው የ1986ቱ «ቶፕ ጋን» በዚህ መንገድ ነው የተሠራው። የዋናው ገጸ ባሕርይ ፍቅረኛ መጀመሪያ የባሕር ኃይል አባል ነበረች። የባሕር ኃይሉ ደንብ እንዲህ ያለውን ግንኙነት ስለማይፈቅድ ሲቪል ሆነች። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ መልማዮች አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ከአዳራሹ የሚወጣውን ወጣት ጠበቁ።

መልማይ ሞኝ አይደለም። ሰው ልቡ ሞቆ የሚወጣበትን በር ያውቃል።

ስለ ሻርኩ ፊልም ስለ «ጆስ» ብዙ አልልም። ደራሲው ፒተር ቤንችሊ መጽሐፉና ፊልሙ በሻርክ ላይ ያመጡትን ጥላቻ አይቶ አዘነ። የቀረውን ዕድሜውን ለባሕር እንስሳት ጥበቃ ሲሟገት አሳለፈ። ሥራው ሰው እንደማይለውጥ ቢያምን ኖሮ እንዲህ አይደክምም ነበር።

«ገበያው ነው የሚወስነው»

የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ይሄ ነው ብለው ብዙዎች አድንቀውታል። እኔን ያሳዘነኝ ደግሞ ይሄ ክፍል ነው። ሕዝቡ የሚፈልገውን ነው የሠሩለት ይላሉ ጸሐፊው። ሕዝቡ መቼ ተጠየቀ?

በ1930 የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ሄይስ ኮድ የሚባለውን ደንብ ተቀበሉ። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተፈጻሚ ሆነ። ጽሑፍ ገና ሳይቀረጽ ይመረመራል። ያለቀው ፊልም ማኅተም ካላገኘ የስቱዲዮዎቹ ሲኒማ ቤቶች አያሳዩትም። ማኅተም የሌለውን ያወጣ 25,000 ዶላር ይቀጣል። የተከለከለው ብዙ ነው፤ አንዱ ግን በግልጽ የነጭና የጥቁርን ፍቅር የሚመለከት ነው። እሱን ማሳየት አይቻልም። ይሄ የተመልካች ምርጫ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የተጻፈ ደንብ ነው።

ሲኒማ ቤቶቹስ የማን ነበሩ? በትልልቅ ከተሞች አዲስ ፊልም ቀድመው የሚያሳዩት አብዛኞቹ አዳራሾች የአምስቱ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ነበሩ። የግል ባለቤት ደግሞ አንድ የሚፈልገውን ፊልም ለማግኘት ያላያቸውን ሌሎች ፊልሞች በጅምላ እንዲወስድ ይገደድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄን አሠራር ሕገወጥ ያለው በ1948 ነው። እስከዚያ ድረስ ሻጩም፣ ሱቁም፣ ዕቃውም የአንድ ሰው ነበር። ገዢው ከቀረበለት ውስጥ ነው የመረጠው።

የአና ሜይ ዎንግን ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች ቻይናዊት አሜሪካዊት ናት። አባቷ ልብስ አጣቢ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ካሜራ ፊት ነበረች፤ በአውሮፓ ጭምር ታዋቂ ሆነች። ኤም ጂ ኤም የተባለው ስቱዲዮ ስለ ቻይናውያን ገበሬዎች የሚያወሳውን «ዘ ጉድ ኧርዝ» ሊሠራ ሲነሳ፣ የገበሬው ሚስት ሚና ለሷ የተጻፈ ይመስል ነበር። ግን ባልየውን እንዲጫወት የተመረጠው ነጩ ፖል ሙኒ ነው። ደንቡ በቃል የጠቀሰው ነጭና ጥቁርን ቢሆንም፣ በተግባር ነጭና እስያዊንም ባልና ሚስት አድርጎ ማሳየት አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ሚስትየዋም ነጭ መሆን ነበረባት። ሚናው ለሉዊዝ ራይነር ተሰጠ። ፊቷን በሜካፕ ለውጠው ቻይናዊት አደረጓት። ኦስካርም አሸነፈችበት። ለዎንግ የታሰበላት ባል የምትነጥቀው ሴት ሚና ነበር። የቻይና ደም እያላት መጥፎዋን ሴት እንድትጫወት መጠየቋ አስመረራት። አልፈልግም አለች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ገበያው የት ጋ ነው ያለው? ተመልካቹ ዎንግን አልጠላም። ምርጫው ላይ አላቀረቧትም።

ሊና ሆርንንም አስቡ። በ1940ዎቹ ኤም ጂ ኤም ትልቅ ኮንትራት የሰጣት ጥቁር ዘፋኝ ናት። ብዙ ፊልሞች ላይ ግንድ ተደግፋ ወይም መድረክ ላይ ቆማ ትዘፍናለች። ከማንም ጋር ብዙ አታወራም። ለምን? ፊልሙ ወደ ደቡብ ግዛቶች ሲላክ የሷ ክፍል ታሪኩን ሳይነካ ተቆርጦ እንዲወጣ ነው። ገና ሲቀረጽ ለመቀስ ተዘጋጅቶ ነበር። ደቡብ ያለው ተመልካች ሆርንን ላለማየት አልመረጠም። መኖሯንም አላወቀም።

ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ ያልኩት እዚህ ነው። ጸሐፊው ማኅበረሰቡ እንደሚቀድም ለማሳየት የ1967ን ምሳሌ ያነሳሉ። ትክክል ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነጭና የጥቁርን ጋብቻ የሚከለክሉ ሕጎችን የሻረው በሰኔ 1967 ነው። በዚያን ጊዜ 16 ግዛቶች ገና ይከለክሉ ነበር። ጥቁሩ ተዋናይ ሲድኒ ፖይቲዬ የነጭ ቤተሰብ አማች ሊሆን እራት የሚመጣበት ዝነኛ ፊልም የወጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ፊልሙ ተከተለ እንጂ አልመራም። ቨርጂኒያ ውስጥ ስለ ተጋቡ ታስረው እስከ ላይ የተሟገቱት ሪቻርድና ሚልድረድ ላቪንግ ከሆሊውድ ሁሉ ቀድመዋል። ይሄን በደስታ እቀበላለሁ።

ግን ለምን ዘገየ ብለን እንጠይቅ። ሄይስ ኮድ ያንን ክልከላ ያነሳው በ1956 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ባልና ሚስት የሆኑ ነጭና ጥቁር ሰዎችን ማሳየት የተከለከለ ነበር። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ግን በእውነተኛው አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። መስታወት ነው ከተባለ፣ እነሱን እንዳያሳይ ጨርቅ የለበሰ መስታወት ነበር።

«ዘረኝነቱ የድሮ ነው፤ ዛሬ ተስተካክሏል»

የተሻሻለ ነገር አለ። አልክድም። ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናት፤ የካቲት 29 ቀን 1940። ሥነ ሥርዓቱ የተደረገበት ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበር። በልመና ነው የገባችው። የፊልሟ ባልደረቦች ከተቀመጡበት ተለይታ ግድግዳ ሥር ያለች ትንሽ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጧት። ሽልማቷን ለመቀበል የተነሳችው ከዚያ ነው። ዛሬ ማንም እንዲህ አያደርግም።

ግን ተስተካከለ ለማለት ያስቸኩላል። በ2002 ሃሊ ቤሪ በዋና ተዋናይት ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። አልቅሳ በሩ ተከፈተ አለች። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ዘርፍ ሌላ ጥቁር ሴት አላሸነፈችም። በ2015 እና በ2016 ለትወና የታጩት 20ዎቹም ነጮች ነበሩ፤ ሁለቱንም ዓመት።

ቀደምት አሜሪካውያንን ደግሞ ጸሐፊው በአንድ መስመር ነው ያለፏቸው። ጆን ፎርድ በ1939 «ስቴጅኮች»ን የቀረጸው ሞኒውመንት ቫሊ ነው፤ የናቫሆዎች ምድር። ፈረስ እየጋለቡ የሚያጠቁት ሰዎች ናቫሆዎች ናቸው፤ ፊልሙ ግን አፓቺ ይላቸዋል። በኋላም በሌሎች ፊልሞች ላይ ኮማንቺና ሻያን ሆነዋል። ለተመልካቹ ሁሉም «ኢንዲያን» ነው። በገዛ መሬታቸው ላይ የራሳቸውን ስም እንኳ ይዘው አልታዩም። በ2013 አንድ የሚያስደስት ነገር ሆነ። የመጀመሪያው «ስታር ዎርስ» በናቫሆ ቋንቋ ተተርጉሞ አሪዞና ውስጥ ዊንዶ ሮክ ላይ ታየ። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በራሳቸው ቋንቋ ፊልም አዩ። ከስቴጅኮች በኋላ 74 ዓመት አልፎ ማለት ነው።

«እኛን አልነካንም»

እዚህ ላይ ከድሬዳዋ ልጀምር። ያደግኩት ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ ቡና በሚጠጣበት ሰፈር ነው። ወደ ጉርምስና ስንደርስ «ብላክ ሀውክ ዳውን» የሚል ፊልም ቪዲዮ ቤታችን ገባ። በ1993 ሞቃዲሾ ላይ ስለተደረገው ውጊያ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ሶማሌ ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው።

እኛ እንደ ልማዳችን አክተሮቹን ለየን። ወታደሮቹ ናቸው። ፎቶ ያወጣሉ፤ ቤተሰብ አላቸው፤ ይፈራሉ፤ ያለቅሳሉ። ሌሎቹ ከጣሪያ ላይና ከየጥጉ እየወጡ ይተኩሳሉ፤ ይወድቃሉ። ቤቱ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ወታደሮቹ ሲያመልጡ አጨበጨብኩ።

መጨረሻ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ከ1,000 በላይ ሶማሌዎችና 19 አሜሪካውያን ሞቱ ይላል። ቀጥሎ የአሜሪካውያኑ ስም አንድ በአንድ ተዘረዘረ። ጓደኛዬ ሲያነብ ቆየና «የእነኛዎቹስ ስም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

ፊልሙ የተቀረጸው ሞሮኮ ውስጥ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅኩት። ጎላ ብለው የሚታዩትን ሶማሌዎች የተጫወቱትም ሶማሌ ያልሆኑ፣ ከእንግሊዝ የመጡ ተዋናዮች ናቸው። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ጭብጨባዬ ነው። የተጋደሉት ሰዎች የጓደኛዬን እናት ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ቤታቸው ስንቴ በልቻለሁ። ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ከጎኔ ካለው ልጅ ይልቅ ባሕር ማዶ ላለ ወታደር ልቤን ሰጠሁ። ይሄ ጸጉር ቁርጥ አይደለም።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅኩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስለ ልጅነታቸው የተናገሩትን ሳነብ ነው። በ1946 ጎንደር የተወለዱ ናቸው። አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ልጆቹ የአሜሪካ ካውቦይ ፊልም አይተው ይወጡና ጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ይጫወቱታል። ሁሉም ካውቦይ መሆን ነው የሚፈልገው። ኢንዲያኖቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ የለም። የታርዛን ፊልም ሲያዩ ደግሞ አፍሪካውያኑ ከኋላው እየተደበቁ ሲመጡበት፣ ልጆቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮሁ ነበር። የጎንደር ልጆች፣ አፍሪካ ውስጥ ተቀምጠው፣ «መጡብህ!» ብለው።

ጎንደርና ድሬዳዋ። በመካከሉ ወደ 50 ዓመት ገደማ አለ። ጩኸቱ አንድ ነው።

ልዩነቱ ኃይሌ ገሪማ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። በ1967 አሜሪካ ሄዱ። ቺካጎ ቲያትር ተማሩ፤ ሎስ አንጀለስ ዩ ሲ ኤል ኤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከነፊልም ሠሪው ቻርልስ በርኔት ጋር ሌላ ዓይነት የጥቁር ሲኒማ ጀመሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀረጹ። ገበሬው ነው ዋናው ሰው። ለረጅም ዓመታት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን አወጡ። ስለ ባርነት ነው፤ የሚያየው በባሪያዎቹ ዓይን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ሰው ተሰለፈ። ሌላ ከተማ ሄደው እንደገና ተከራዩ። እዚያም ተሰለፈ። ገበያው ነው የሚወስነው ላሉት ጸሐፊ ይሄን በተለይ እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። ተመልካቹ ነበረ። ያልነበረው በሩን የሚከፍትለት ነው። በኋላ ባልና ሚስቱ ጆርጂያ አቨኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጽሐፍና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ዋሽንግተን ያለ አበሻ ቦታውን ያውቀዋል።

በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። 28 ዓመት አልፎት ነው። ያን ጊዜ ለድሬዳዋው ጓደኛዬ ሊንኩን ላክሁለት። አሁን የሚኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ማታ ላይ «አክተሩ ማን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ።

«ሴት ናት» አልኩት። «ስሟ ሾላ ይባላል።»